ከመረቡ ሥር የቆመችው

«ያቺ የመምህርቷ ልጅ እኮ ዳሚ ከሄደች ወዲህ አለቀላት» አለች አንዷ ሴት፣ እግሯን ሙቁ ውሃ ውስጥ እንደነከረች። «ድሮስ ቢሆን ምን ነበረች? ዳሚ ከኋላ ሆና ትመታለች፣ እሷ ከፊት ቆማ ኳሷን ትነካካለች። እኔም ብሆን ከዳሚ ፊት ብቆም ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠልቅ ነበር።» ጓደኛዋ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ከፊት ብትቆሚማ መረቡ ይወድቃል» አለቻት።

እኔ አጠገባቸው የላስቲክ በርጩማ ላይ፣ ራሴን በፎጣ ጠምጥሜ ተቀምጫለሁ። ገና አልነጋም። ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ሳንኳኳ ልጄ ሶራ እንዳትነቃብኝ ብዬ ነበር ወደ ሰፈራችን መታጠቢያ ቤት የወረድኩት። መግቢያው ዘጠኝ ሺህ ዎን ገብቷል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ እንደ ወትሮዋ የጋዝን ዋጋ ረግማ ፎጣ ሰጠችኝ። ሴቶቹ የሰፈሩ የባድሜንተን ክበብ አባላት ናቸው፤ ኮረብታው ላይ ባለው ሜዳ ከንጋት በፊት በመብራት ይጫወቱና ሊታጠቡ ይወርዳሉ። የምታወራዋን በድምፅዋ አወቅኋት፤ በከተማችን በማሳን አሳ ገበያ ውስጥ የደረቀ አሳ የምትሸጠው ወይዘሮ ሶክ ናት። እሷ ግን አላወቀችኝም። እንፋሎት ውስጥ ራቁቱን የተቀመጠ፣ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ሁሉ አንድ ነው። ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ከፊት የምትቆም ተጫዋች ምን እንደምትሠራ ለማስረዳት ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከዚያ ወይዘሮ ሶክ ዞር አለችና መፈተጊያ ጨርቋን ዘረጋችልኝ። «እታለም፣ ጀርባዬን ትፈትጊልኛለሽ? እኔም እፈትግልሻለሁ።» በእኛ መታጠቢያ ቤት ይህን እምቢ የሚል ሰው የለም፤ የጠላትም እጅ ቢሆን የገዛ ጀርባው ላይ አይደርስም። ተነሥቼ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ፣ አንድም ቦታ ሳላስቀር፣ ከለመድኩት ትንሽ ጠንከር አድርጌ ፈተግኋት። «ኧረ እጅሽ ብርቱ ነው» አለች ጀርባዋን እያጎበጠች፣ «ምን ስትሠሪ ነው የኖርሽው?» «ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ሳጠፋ» አልኳት። ጓደኛዋ ሳል ያዛትና ወደ ቀዝቃዛው ገንዳ ሄደች። ወይዘሮ ሶክ ተራዋ ሲደርስ ጀርባዬን የፈተገችው እንደ አራስ ልጅ ገላ ነበር፤ ከምፈልገው በላይ በቀስታ።

የዚያን ዕለት ለልጄ የምርጫው የመጨረሻ ቀን ነበር። ሶራ ከዳሚ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተጫውታለች፤ በየአገሩ አብረው ዞረዋል፣ አንድ ክፍል ተኝተዋል፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ አብራ ከሜዳ ውጭ ሆናለች። ባለፈው ፀደይ የዳሚ ጉልበት አልታዘዝ አለና ጨዋታ አቆመች። ከዚያ በኋላ ሶራ የምትጫወትለት የከተማው አስተዳደር ቡድን ነገሩን ሳያለባብስ ነገራት፦ ዘንድሮ ብሔራዊ ቡድን ካልገባሽ ውልሽ አይታደስም። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ሌላ ቡድን አይወስዳትም፤ ስለዚህ ቀኑ ወይ ተጫዋች ሆና የምትቀጥልበት ወይ ራኬቷን የምትሰቅልበት ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ለጥንድ ጨዋታ ብሔራዊ ቡድን የሚገቡት በጥንድ አይመረጡም። ልጆቹ አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ ካገናኘሻት ጋር ተሰልፈሽ ትጫወቻለሽ፣ በሚቀጥለው ግጥሚያ ያቺው ልጅ ባላጋራሽ ትሆናለች። መራጮቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ለእያንዳንዷ ለብቻዋ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ድሏም ይደመርላታል። ማንም በጓደኛዋ ትከሻ ታዝላ እንዳትገባ ነው ይላሉ። ለእኔ የአንድን ሰው ባልነት ለማወቅ ከየጎረቤቱ ሴት ጋር ገበያ እየላኩ እንደ መፈተን ነው የሚመስለኝ፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም። የሚወሰዱት ስምንት ናቸው። እስከዚያ ዕለት ጠዋት ሶራ ዘጠነኛ ነበረች።

ቤት ስደርስ ደረጃው ላይ የባሕር ቅጠል ሾርባ ሽታ ተቀበለኝ። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ኪሱክ፣ ድስት በጨርቅ ቋጥራ ከማዶ ሰፈር በአውቶቡስ መጥታለች። ዕለቱ የሶራ ልደት ነው፤ ልደት ያለ ባሕር ቅጠል ሾርባ የለም። ፈተና ባለበት ቀን ደግሞ ያን ሾርባ የሚያቀርብ የለም፤ ቅጠሉ ያሟልጫል፣ የበላው አብሮ ይንሸራተታል ይባላል። እኔ ሁለቱን ስመዝን ሰንብቼ ሾርባውን ትቼ እንቁላል ጠብሼ ላቀርብላት ወስኜ ነበር። «የወንድሜ ልጅ በልደቷ ቀን ደረቅ ሩዝ ልትበላ ነው?» አለችኝ እትዬ ኪሱክ ድስቱን ምድጃው ላይ እያሳረፈች። «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ፈተና አለባት።» «ፈተና የተማሪ ነው። ይቺ ማግባት የነበረባት ትልቅ ሰው ናት።» በመስኮቱ በኩል ባለው በሟቹ ባለቤቴ ወንበር ልትቀመጥ ስትል ሌላ ወንበር ሳብኩላት። ወንበሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ በሳብኩላት ላይ ተቀመጠች።

ሶራ ፊቷን ታጥባ መጣችና ድስቱን ከፍታ አየች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። «ማነው የሞተው?» አለች፤ ጎድጓዳ ሳህን አንሥታ ቀዳች፣ ሩዟን ገለበጠችበትና በላች። ስትጨርስ ደገመች። እትዬ ኪሱክ በድል አድራጊነት ኪምቺውን፣ ያንን በበርበሬ የቦካ ጎመን፣ ወደ እሷ ገፋችላት። «እኔ ስለ ኳስ አላውቅም» አለች፣ «ግን ቴሌቪዥን አያለሁ። ያቺ ረጅሟ ስትመታ ካሜራው እሷን ያሳያል፣ አንቺ ጀርባሽ ብቻ ነው የሚታየው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዘመድ ሁሉ ያየው ጀርባሽን ነው። ዛሬ እንኳ አንድ ጊዜ ለራስሽ ምቺ፤ ይዩሽ።» ሶራ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር። ልክ ነው አላልኩም፣ ልክ አይደለም አላልኩም። በቤታችን ዝም ማለት ብዙ ጊዜ እሺ ማለት ነው፤ ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዘጠነኛ መሆኗ ሌሊቱን አላስተኛኝም ነበርና፣ መራጮቹ እንዲያዩዋት እኔም ፈልጌ ነበር።

አዳራሹ ያረጀ ነው፤ የፎቁ መቀመጫ እንጨቱ ተልጧል፣ ማሞቂያው ከሚያሞቀው የሚያጓራው ይበልጣል። ቤተሰቦች ፎቅ ላይ ሆነው ማየት ይፈቀድላቸዋል፤ መጮኽ ግን ክልክል ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ከሜዳው በላይ ካለው አጥር አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ከረጢት መንደሪን ጉልበቴ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ሶክ ነበረች፤ ፀጉሯ ገና አልደረቀም። «መምህርት፣ ገበያውን ለምራቴ ሰጥቼ መጣሁ» አለች ዓይኗን ሜዳው ላይ ተክላ። «ቦታው የተያዘ ካልሆነ እዚህ ልቀመጥ? ጀርባዎ አላመመዎትም?» «ምንም አልተሰማኝም» አልኳት። እሷም መንደሪን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ስለ ጠዋቱ የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ሶራ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። ዕጣ የደረሳት ልጅ ግራ ገብቷት ወደ ፊት ወጣች። ሶራ ዘለለች፣ መታች፣ እንደገና ዘለለች። ከሩቅ ለሚያይ ያምራል። ወይዘሮ ሶክ ክልከላውን ረስታ አጨበጨበች። «አሁን ገና ተጫወተች» አለችኝ፣ «ይህን ሁሉ ጉልበት የት ደብቃው ነው?» እኔ ግን ከመረቡ ሥር ያለውን ቦታ ነበር የማየው። ባላጋራዎቹ ኳሷን እዚያ ሲጥሏት የሚያነሣት አልነበረም፤ ፊት የወጣችው ልጅ ኳሷ ከወደቀች በኋላ ትደርሳለች። ተሸነፉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ ተሸነፉ። ሶራ ከሜዳ ስትወጣ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም ሁለት ሳህን የባሕር ቅጠል ሾርባ በዓይኔ ላይ እየሄደብኝ፣ በሰው አጉል እምነት ስስቅ ኖሬ በስተርጅና መፍራት ጀመርኩ።

በምሳ ሰዓት ደረጃው ሥር አገኘኋት። ግድግዳውን ተደግፋ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛለች፤ አልበላችውም። «እማዬ፣ አክስቴ ያለችውን አንቺም ታምኚበታለሽ?» አለችኝ። «እኔ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው።» «እሱንማ አውቃለሁ።» ትንሽ ሳቅ አለች። ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ኮረብታው ላይ ሲጫወቱ ከፊት የሚያቆማት እሱ ነበር፤ ከኋላ ያለውን እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ የፊቱን ብቻ ጠብቂ ይላታል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ወረቀት አርም ነበር። ይህን አላነሣሁባትም። «ከኋላ ሆኜ ስመታ» አለች ቆይታ፣ «ከፊቴ ያለው ሜዳ ባዶ ይመስለኛል። ያቺ ልጅ እዚያ እያለች እንኳ ባዶ ነው።» «እንግዲያው ቦታሽ ግቢ» አልኳት። «ባያዩኝስ?» «አይዩሽ።» ሩዙን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ቆመን በላን።

ወደ ፎቅ ስመለስ አንዲት ልጅ ከውሃ መቅጃው ጀርባ ተደብቃ ስልክ ትደውላለች። «እማዬ» ትላለች በሹክሹክታ፣ «ከእትዬ ሶራ ጋር ደረሰኝ። አዎ፣ እሷ። ጠዋት መጥፎ ነበረች፣ ግን ግድ የለሽም። ከእሷ ጋር የደረሰው ሰው ሁሉ እጁ ይፈታል። ስትመቺ ኳሷ ሁልጊዜ የምትፈልጊው ቦታ ላይ ነው የምትመጣው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።» እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ ብዬ ቆየሁና አለፍኳት።

ከሰዓት በኋላ ሶራ ከመረቡ ሥር ገባች። ከፊት የሚቆም ሰው ሥራው ባላጋራው ከፍ አድርጎ እንዲያነሣ ማስገደድ ነው። ራኬቷን ከመረቡ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ዝቅ ያለች ኳስ ሁሉ እዚያ እንደምትሞት ስለሚያውቁ ሽቅብ ይልኳታል፤ ሽቅብ የሄደች ኳስ ከኋላ ላለችው ድግስ ናት። አንዳንዴ ኳሷን ሳትነካ ትውላለች፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ትላለች፣ ባላጋራዋ ሐሳቧን ትቀይራለች፣ ነጥቡ ይገባል። ጭብጨባው የኋለኛዋ ነው። ስልክ ስትደውል የነበረችው ልጅ በሕይወቷ እንደዚያ መትታ የምታውቅ አይመስለኝም። አሸነፉ። ቀጥሎ ዕጣ ያመጣት ወገቧ በፋሻ ታሽጎ የምትጫወት ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ከእሷም ጋር አሸነፉ። ወይዘሮ ሶክ መንደሪኑን መላጥ አቁማለች። ሳይታወቃት «እርስዎ» ማለቱንም ትታለች። «ቆይ እስኪ የሶራ እናት» አለችኝ፣ «ይቺ በማዶ የቆመችው ልጅ ቅድም ከእኛዋ ጋር ስታሸንፍ የነበረችው አይደለችም እንዴ? አሁን ከሌላ ጋር ሆና ተሸነፈች። ከሶራ ጋር የነበሩት ግን…» ሐሳቧን ሳትጨርስ አጥሩ ላይ ተደገፈች።

ለመጨረሻው ግጥሚያ ዕጣው ማ ዩንሴን አወጣ። ዩንሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ረጅም፣ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት። ጠዋት ስምንተኛ የነበረችው እሷ ናት። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የመጨረሻዋን ቦታ ከሁለቱ አንዷ ትወስዳታለች ተብሎ ነበር፣ አሁን ጎን ለጎን ሊቆሙ ነው። ወይዘሮ ሶክ ክንዴን ያዘችኝ። «ካጎበዘቻት እኮ በገዛ እጇ ቦታዋን ሰጠቻት።» «አዎ» አልኳት። «ታዲያ አትነግሪያትም?» «ምን ብዬ?» አልኩ። እጇን ከክንዴ ላይ አላነሣችም።

በማዶ የቆሙት የዓመቱ ብርቱዎቹ ነበሩ። ዩንሴ የመጀመሪያ ምቷን መረብ ላይ ሰካች፤ ሁለተኛዋን ከሜዳ አስወጣች፤ ሦስተኛዋን ለመምታት ፈርታ በቀስታ ገፋቻትና ተቀጣችባት። ፊቷ ነጣ። መራጮቹ እየጻፉ ነው። ሶራ የራኬቷን እጀታ መጠቅለያ የምታስተካክል መስላ ወደ እሷ ሄደች፤ ሜዳው ከፎቁ ሥር ስለሆነ ድምፅዋ ደረሰኝ። «ስሚ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሳህን የባሕር ቅጠል ሾርባ በልቼ ነው የመጣሁት» አለቻት። ዩንሴ አፏን ከፍታ አየቻት። «እትዬ፣ በምርጫ ቀን?» «በምርጫ ቀን። ስለዚህ ዛሬ የምትወድቅ ካለች እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አስፈራሽ? ዝም ብለሽ ምቺ።» ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በክርኗ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዩንሴ አደረገችው ይላሉ። ዩንሴ ዘለለች፣ መታች፣ ኳሷ ወለሉ ላይ ስትመታ ድምፅዋ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ልጄ ከመረቡ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ግራና ቀኝ ትላለች። ያንን ጀርባ በሺህ ጀርባ መካከል አውቀዋለሁ፤ የሚያፍርበት ዘመድ ካለ ይፈር፣ እኔ አላፍርበትም። የመጨረሻውን ነጥብ ያስገባችው ዩንሴ ናት። ዘላ ሶራ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ታላቋ መሆኗ ትዝ ሲላት ደንግጣ ወደ ኋላ ብላ ሰገደችላት።

መራጮቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ድምፅ ማጉያውን ያዘና ከታች ወደ ላይ እንደሚያነብ ተናገረ። ስምንተኛ፣ ማ ዩንሴ። ወይዘሮ ሶክ ትንፋሿን ዋጠች። እኔም ገባኝ፤ ሁለቱ የሚፎካከሩባት ቦታ ያቺ ነበረች፣ ተሰጠች። እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ወለሉን አየሁ። ውልሽ አይታደስም የሚለው ቃል ሳይሆን፣ ያቺን ልጅ ያሳቀቻት ሳቅ ነበር ጆሮዬ ውስጥ ያለው፤ አስመርጣት ከሆነ ደግ አደረገች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰባተኛ፣ ስድስተኛ፣ አምስተኛ እየተባለ ልጆቹ እየወጡ ተደረደሩ። ስልክ ትደውል የነበረችው አራተኛ ወጣች። ሦስተኛዋ ያቺ ወገቧ የታሸገው ናት። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቀረበ። ሁለተኛ፣ ባንግ ሶራ።

ለካ መራጮቹ ከመረቡ ሥር ያለውንም ሲያዩና ነጥብ ሲሰጡ ውለዋል። ወይዘሮ ሶክ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር። ጥንድ ተጫዋቾች ሲጠሩ አብረው ወጥተው፣ ጎን ለጎን ቆመው፣ አብረው ነው የሚሰግዱት። ሶራ አሥራ አንድ ዓመት የወጣችው እንዲያ ነው። አሁን ብቻዋን ተጠራች፣ ብቻዋን ወጣች፤ ከሰልፉ አጠገብ ስትደርስ ግን በቀኝ በኩል አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትታ ቆመች፣ ያንን ቦታ እንደያዘች ሰገደች። ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሆን ብሎ አያደርገውም፤ ሰውነት ነው የሚያደርገው። አንደኛዋ ተጠርታ በሌላኛው ወገን ቆመች። ፎቶ አንሺው ተጠጋጉ ሲል ከሰልፉ ጫፍ ዩንሴ፣ ታናሽ ሰልፍ አያፈርስም የሚለውን ሕግ ሁሉ ረስታ፣ እየሮጠች መጥታ እዚያው ክፍት ቦታ ገባች። ሶራ ዞር ብላ አየቻት። ያየቻት ለአፍታ ነው፣ ግን አየቻት። ከዚያ ለልጅቷ ረጅም ትከሻ እንዲበቃት ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለችላት።

«ምነው አታጨበጭቢም?» አለችኝ ወይዘሮ ሶክ። ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። ካፖርቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ አኖርኩና፣ እጄ እስኪነድ አጨበጨብኩ።